አልጋ የያዘው ገንዳ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ነገሩን ከሥሩ ልነግራችሁ ዝግጁ ነኝ። ውሃውን ግን ከጥሩ እቀዳላችኋለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልጠራም ያለ ውሃ ታሪክ ነውና።

እንጅባራ ላይ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። የእኛው እስኪሠራ ድረስ እኔም አላየሁም። እንጅባራ ማለት ሰው በጠዋት ፊቱን ለመታጠብ ወደ ራሱ ሽማግሌ የሚልክበት ከተማ ነው። እዚህ ጋቢ ልብስ አይደለም፤ ሁለተኛ ቆዳ ነው። እንዲህ ባለ አገር «ገብቼ ልዋኝ» ብሎ ገንዳ የሚቆፍር ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔው አባት ሆኖ ተገኘ።

አባዬ ዕድሜውን በጭነት መኪና ሾፌርነት ያሳለፈ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ቆላ ወርዶ፣ ሙቀቱ ጎማ ሊያቀልጥ በደረሰበት ቀን፣ በአንድ ሆቴል አጥር ቀዳዳ አጮልቆ ቢያይ ሰዎች ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ አገኛቸው። «እግዜር ከመሪ በሰላም ሲገላግለኝ እኔም ቤቴ እንዲህ ያለ እሠራለሁ» ብሎ እዚያው ተሳለ። የሌላ ሰው ስለት ቢሆን ከቆላ ወጥቶ ደጋ ሲደርስ ይበርድለት ነበር። የአባዬ ስለት ብርድ አይገባውም።

ገንዳውን የት ቆፈረው መሰላችሁ? የእማዬ ድንች መደብ ላይ። ሙሉውን አይደለም፣ ግማሹን ነው፤ ግን የተሻለውን ግማሽ። «ለሜዳነቱ እሱ ይመቻል» አላት። እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል ተስማማች ማለት አይደለም፤ ቀጠሮ ሰጠች ማለት ነው።

ገንዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ከጓሮ ጉድጓዳችን በነዳጅ ፓምፕ ውሃ ተስቦ ሞላ። እኔም በደስታ ብዛት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቆሜ የእንጅባራ የመጀመሪያዋ ዋናተኛ እንደምሆን አወጅኩ። ዋና እንደማልችል የሚያውቅ ስላልነበረ ተጨበጨበልኝ።

አባዬ የገንዳ ውሃ በክሎሪን እንደሚታከም ሰምቶ ነበርና ያንን የልብስ በረኪና ገዝቶ መጣ። ምን ያህል እንደሚጨመር ግን አልሰማም። ባልሰማው ነገር ላይ ደግሞ አባዬን የሚያህል ለጋስ የለም። ዕቃውን ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ ቁልቁል ሲያንቆረቁረው፣ ነፋሱ ፍንጣሪውን አፈሰና ከገንዳው አጠገብ ተሰጥቶ ወደነበረው የእማዬ ጥቁር ቀሚስ ወሰደው። ያ ቀሚስ የለቅሶ ቀሚሷ ነው። ማታ ከማስጫው ሲወርድ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ቆቅ መስሏል።

እማዬ ቀሚሱን ዘርግታ አባዬ ፊት ቆመች።

«ይህን ለብሼ ለቅሶ ብሄድ ሟቹ ተነሥቶ ይሥቃል» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ወይ በረኪና ከዚህ ግቢ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

አባዬ ትንሽ አሰበ። ማሰብ አልነበረበትም። ያቺ ትንሽ ማሰቡ እስከ ዛሬ ትጠቀስበታለች።

በረኪናው ወጣ። በረኪናው ሲወጣ አልጌ ገባ።

አልጌ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ በቆመ ውሃ ላይ የሚበቅለው ያ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን በአማርኛው «ዋቅላሚ» ይለዋል። እኔም እንደ አስተማሪያችን ዋቅላሚ ብል ኖሮ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ነገር ግን ዋቅላሚ የሚለው ቃል አፌ ላይ አላማረኝም፤ አልጌ የተማረ ሰው ቃል መሰለኝ።

ውሃው መጀመሪያ ሎሚ ሆነ፣ ቀጥሎ ጎመን ሆነ፣ ከዚያ ታቹ መታየት አቆመ። እማዬ ቀጠሮዋን ያኔ ገለጠችው።

«እስከ እሑድ ጠርቶ ካላየሁት» አለች፣ «አፈር አልብሼ ድንቼን እተክልበታለሁ።»

እማዬ እንዲህ ያለችውን ነገር ሳትፈጽም ቀርታ አታውቅም። አባዬ ገንዳውን የሚያየው ጎረምሳ ልጁን ፖሊስ ሊወስድበት እንደመጣ አባት ሆነ። ለሃያ ምናምን ዓመት በሌላ ሰው መኪና፣ በሌላ ሰው ጭነት ሲመላለስ ለራሴ ብሎ የያዘው ሐሳብ ይኸው አንድ ገንዳ ነበር። እኔስ ብትሉ፣ ክፍል ውስጥ የተጨበጨበልኝ ነገር አለ።

«ውሃውን ለምን አትቀይረውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ውሃማ ማንም ይቀይራል» አለኝ። «ገንዳ ማለት ውሃው ሳይቀየር የሚጠራ ነው። አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል? ከስልክሽ ላይ የክሎሪን ምትክ ፈልጊልኝ።»

እንግሊዝኛ ትችላለች ያለው ማን ነው? እኔው ነኝ፤ ስልኩን እንዲገዛልኝ ስለምነው ያልኩት ነው። ያሉትን መብላት አይቻልምና ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጨው ነው። ከጨው ቀጥሎ ስለ አንድ ማሽን ረጅም አንቀጽ ነበረ፤ ረጅም ስለሆነ አለፍኩት። ለካ ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ ኖሯል። ጨውን ውሃ ውስጥ ይቀበልና ከዚያው ያንኑ ክሎሪን መልሶ ያወጣዋል። እማዬ በፊት በር ያባረረችውን እንግዳ በጓሮ በር ማስገባት ማለት ነው። ይህን ያነበብኩት ግን አባዬ ጨውን በከረጢት ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጨው ገንዳውን አላጠራውም፤ ዳማን ግን ጠራው። ዳማ የጎረቤታችን የአያ ፈንታ ፈረስ ነው። በእኛ አገር ፈረስ ከብት አይደለም፤ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእሱ ደህንነት ነው። ዳማ የጨው ሽታ በነፋስ ደረሰውና አጥራችንን በደረቱ ከፍቶ ገባ። ከኋላው የአያ ፈንታ ላሞች፣ ከላሞቹ ኋላ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ፍየሎች ተከተሉ። ሁሉም ገንዳው ዳር ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ምግብ ቤት ገብቶ እንደታዘዘለት ሰው ዝም ብለው ይጠጣሉ።

በማግስቱም ሲደግሙት አያ ፈንታ ልጓም ይዘው ደረሱ።

«ፈረሴን ምን አስለመዳችሁብኝ?»

«ውሃ ነው፣ አያ ፈንታ» አለ አባዬ።

«ትናንት የወንዝ ውሃ ባቀርብለት ፊቱን አዞረብኝ። ሆቴል እንዳደረ ሰው ምርጫ ጀምሯል።»

«ትንሽ ጨው ገብቶበት ነው።»

«መዋኛ አይደለም እንዴ ያላችሁት?»

«መዋኛ ነው።»

«ታዲያ ለሚዋኝ ሰው ጨው ምን ያደርግለታል? ልትቀቅሉት ነው?»

ከብቶቹ የተዉትን ጨዋማ ውሃ ወደ መንገዱ ቦይ አፍስሰን፣ አባዬ «ይኼኛው አይቆጠርም» ብሎ አዲስ ውሃ ሞላ። አልጌው ግን ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የቀረ ነገር ነበረውና በበጋ ፀሐይ ቶሎ ወደ ጎመንነቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ስለ ብርሃን አነበብኩ። ውሃውን ዓይን በማያየው ብርሃን ማጽዳት ይቻላል የሚል ነው። ለአባዬ ሳስረዳው እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማ ኖሮ፣ «የማይታይ መብራት ከሆነማ አለን» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ አልታየም።»

ስለ ተክልም አነበብኩ፤ ቄጠማና ደንገል ዳር ዳሩን ቢተከል ውሃውን ያጣራል ይላል። አባዬ ከወንዝ አንድ ሸክም ቄጠማ አምጥቶ ዳር ዳሩን ሲተክል እማዬ ብቅ ብላ «የምን በዓል ነው?» ብላ ገባች። ቄጠማው ሳይጸድቅ እንቁራሪቶቹ ጸደቁ።

ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአባዬ ስልክ ጮኸ። አባዬ ገንዳው ላይ አቀርቅሮ ስለነበር እኔ አነሣሁት። የደወሉት አክስቴ እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ። እትዬ ብርቄ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ ፀጉሩ ቢሸብትም በእሳቸው ዓይን ገና ከጀርባቸው አልወረደም።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ኔትወርክ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የሚገኘው በማገዶ ክምሩና በዶሮ ቤቱ መካከል ብቻ ነው። ሲገኝም እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፍ ግማሹን ለራሱ ይቀርጣል።

«ወንድሜ ደህና ነው?» አሉኝ።

«እሱ ደህና ነው። ገንዳው ነው እንጂ አልጌ የያዘው» አልኩ።

ኔትወርኩ ከዚህ ውስጥ «ደህና» እና «ገንዳው» የሚሉትን ቀረጠ። እሳቸው የሰሙት «እሱ ነው እንጂ አልጌ የያዘው» የሚለውን ነው።

«አልጋ?»

«አዎ፣ አልጌ» አልኩ፤ እሳቸውም እንደኔ ያሉ መስሎኝ።

«መቼ ነው የያዘው?»

«ሰነበተ እኮ። አሁንማ ጭራሽ አረንጓዴ ሆኗል።»

«አረንጓዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ወደ ጥቁር የሚወስደው አረንጓዴ። ጠረንም ጀምሯል።»

«እመቤቴ ማርያም። ሐኪም አይቶታል?»

ኔትወርኩ ሐኪሙን ቀረጠውና እኔ የሰማሁት «አይቶታል?» የሚለውን ብቻ ነው።

«ያላየው ሰው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ አይቶት ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ጨውም ሞክረን ነበር።»

«ጨው?»

«እሱንም ፈረሱ ጠጣው።»

«እናትሽስ ምን ትላለች?»

«እሷማ ቆርጣለች። እስከ እሑድ ካልጠራ አፈር እናልብሰው ነው የምትለው።»

ከዚያ ከስልኩ ውስጥ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ ወጣ። የኔትወርክ ፉጨት መሰለኝ። ተቋረጠ።

ሄጄ ለአባዬ «ለአክስቴ ስለ ገንዳው ነገርኳቸው፤ በጣም አዘኑ» አልኩት።

አባዬ ቀና አለ። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ ንጹሕ ውሃ። «አየሽ» አለኝ፣ «በዚህ ዓለም እኔን የምትረዳኝ እህቴ ብቻ ናት።»

ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ አንድ ሌሊት ቀራት። እማዬ የድንች ዘሯን መርጣ ቅርጫት ላይ አድርጋ፣ አባዬ እንዲያየው በሩ ላይ አስቀመጠችው። የዚያን ቀን ጠዋት ነው አያ ፈንታ በአጥሩ ቀዳዳ (ዳማ በከፈተው ቀዳዳ) አንገታቸውን አስገብተው መፍትሔውን የተናገሩት።

«እናቴ ነፍሷን ይማርና ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። በረዶ ነው የሚመስለው። ጋቢ ያነጣ ነገር ውሃ አያነጣም?»

ይህ ሐሳብ ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል። የዚያን ቀን ግን እኔና አባዬ ተያይተን «እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም» አልን። አባዬ እንዶድ አፈላልጎ አመጣ፤ እኔ ወቀጥኩ፤ ገንዳው ውስጥ ገለበጥነው። ከዚያ አባዬ ጋቢውን ጥሎ፣ በቁምጣ፣ ረጅም መጥረጊያ ይዞ ሊያማስለው ገባ። ከስለቱ ጀምሮ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ ላይ ያየሁትን መልክ እስካሁን ስም አላወጣሁለትም፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ ብርድ።

እንዶድ ሲያማስሉት ይኮርፋል። ይህን ማንም ያውቃል። ገንዳ ሙሉ እንዶድ ሲኮርፍ ግን ያየ ያለ አይመስለኝም። አረፋው መጀመሪያ እንደ ድፍድፍ ተነፋ፣ ቀጥሎ ጉም ሆነ፣ ከዚያ ከገንዳው ዳር አልፎ ወደ ቤት መጣ። ሰፈሩ አየው። «ይህን ያህል እንዶድ ከሚባክን» ብለው ሴቶቹ የየቤታቸውን ጋቢና ነጠላ ይዘው መጡ። አባዬ «መዋኛ ነው እኮ፣ መዋኛ ነው» እያለ ቢለምናቸው «አንተ ዋኝ፣ እኛ ምን አልንህ?» እያሉ ጋቢያቸውን ነከሩበት።

እንግዲህ ይህን ሥዕል ልብ አድርጉልኝ። አባዬ ገንዳው መካከል ቆሟል። አረፋው እስከ አንገቱ ነጭ አድርጎታል። ዓይኑን ስላቃጠለው ጨፍኗል፤ አፉን እንዳይገባበት ገጥሟል። ዙሪያውን ሴቶች ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ይዘው ቆመዋል።

የግቢው በር የተከፈተው በዚህ ሰዓት ነው።

በሩ ላይ ሚኒባስ ቆሟል። ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ዘመዳችን ነው። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ባላቸው አያ አለሙ ከኋላ፣ ከዚያ ማር የያዘ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ብርቱካን ያቀፈ ወገን ሁሉ ተከትሎ ገባ። አያ አለሙ ዶማ ይዘዋል። ዶማው ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

እትዬ ብርቄ ወንድማቸውን አዩ። ነጭ ለብሶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ አፉ ተገጥሞ።

«ወይኔ ወንድሜን፣ ገንዘውታል» አሉና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ለቅሶው ተነሣ። የእኛ ሰፈር ሴቶች መልካም ሰዎች ናቸው፤ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ያለቀሰን አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ጋቢያቸውን እየጨመቁ አብረው አለቀሱ። አባዬ የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ፤ ዓይኑ እንደተጨፈነ «ማነው የሞተው?» አለ።

ለቅሶው ባንድ ጊዜ ቆመ።

አባዬ አረፋውን ከዓይኑ ጠርጎ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «እትዬ ብርቄ?» አለ። «መጣሽ? ስለ ገንዳው ብለሽ ነው?»

እትዬ ብርቄ ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ ገንዳው ሄዱ። እጃቸውን ሰደው የአባዬን ጆሮ ያዙት፤ ሥጋ መሆኑን ሲያረጋግጡ ጊዜ ሳይለቁት በአውኚ፣ በአገውኛው ቋንቋቸው፣ ይወርዱበት ጀመር። እኔ አውኚ የምችለው ትንሽ ነው፤ ግን ከአባዬ ፊት ላይ ትርጉሙን አነብ ነበር። እማዬ የደምበጫ ሰው ናት፤ አንድ ቃል አይገባትም። ጠጋ አለችና እጅ ነሥታ፣

«እትዬ ብርቄ» አለች፣ «እባክዎን በአማርኛ ይስደቡት፤ እኔም ድርሻዬ ይድረሰኝ።»

ይህን ስትል እትዬ ብርቄ ዞሩባት። በአማርኛም አላነሱም።

«አንቺ ደግሞ! ‹እግዜር እስከ እሑድ ካልጠራው እኛው አፈር እናልብሰው› ያልሽ አንቺ አይደለሽም?»

እማዬ አፏ ተከፈተ። «ማንን ነው እግዜር የሚጠራው?»

«ባልሽን ነዋ። አልጋ ይዞ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሸትቶ…»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ እማዬን አያት። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ እኔን አየኝ። ዶሮዋም ተዘቅዝቃ ያየችኝ መሰለኝ።

«አልጌ ነው ያልኩት» አልኩ። «አልጋ አይደለም፣ አልጌ። ገንዳው ነው የያዘው። በአማርኛው ዋቅላሚ ይባላል።»

«ታዲያ በአማርኛ ብትናገሪ» አሉ አያ አለሙ ዶማቸውን እንደተመረኮዙ፣ «አፍሽ ይጣመም ነበር?»

ሣቁን ማን እንደጀመረው አላውቅም። የቆመው ግን ከብዙ በኋላ ነው። ሣቁ ሲበርድ ከእትዬ ብርቄ ቦርሳ ጫፉ ወጥቶ የነበረውን ነገር እማዬ አየችው። ጎተት አደረገችው። ጥቁር ቀሚስ ነው፣ አዲስ።

«ለምናልባቱ ብዬ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ትንሽ አፍረው።

እማዬ ገብታ የራሷን ቆቅ የመሰለ ቀሚስ አምጥታ አሳየቻቸው። እትዬ ብርቄ ቀሚሱን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። አዲሱን ቀሚስ እማዬ እጅ ላይ አኖሩ። «ያንቺ ነው» አሉ። «እሱ በሕይወት ካለ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? በሕይወት ካለ ደግሞ አንቺ ማልቀሻ ያስፈልግሻል።»

ለጥየቃ የመጣ ሰው ታማሚ ሳያገኝ ዝም ብሎ አይመለስም፤ ነውር ነው። ታማሚ የተባለው ገንዳው ከሆነ ገንዳው ይታከም ተባለ። አባዬ «ውሃው ሳይቀየር…» ብሎ ሲጀምር እትዬ ብርቄ ወደ ጆሮው ስላዩ አልጨረሰውም። አረፋው በአናት በአናቱ እየተቀዳ ለሴቶቹ ጋቢ ሄደ። ወንዶቹ ገንዳው ውስጥ ገብተው ግድግዳውን በመጥረጊያ ፈተጉት። የአያ አለሙም ዶማ በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ የቀረው ውሃ በገንዳው ማፍሰሻ ወጥቶ እንዲሄድ ቦይ ይቆፍሩ ጀመር።

አያ አለሙ ግን ግቢያችንን አያውቁትም። ቦዩን ወደ መንገዱ ሳይሆን ቁልቁል ወደ ቀረው የእማዬ ድንች መደብ መሩት። እማዬ ስትደርስ ውሃው ድንቹ ሥር ተኝቷል።

«ድንቼን ገደላችሁት» አለች። «አንዱን ግማሽ ቆፍሮ ወሰደው፣ አንዱን ግማሽ አጥለቀለቃችሁት። ነገ እሑድ ነው። አልቋል።»

አባዬ ፓምፑን አስነሥቶ በታጠበው ገንዳ አዲስ ውሃ መሙላት ጀምሮ ነበር። ይህን ሲሰማ እርጥብ ቁምጣውን እንደለበሰ ገንዳው ዳር ተቀመጠ። የሚሰናበተው ይመስል ነበር። መሸት ሲል ለእንግዶቹ ማደሪያ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጥቶ ተመለሰና «አልጋ ይዣለሁ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ሆቴል ነው፣ እትዬ፣ ሆቴል» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ የድንች ዘሯን ቅርጫት አንሥታ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አባዬ ከኋላዋ፣ እኛ ከአባዬ ኋላ። ሁላችንም ቀብር እንደሚሄድ ሰው አቀርቅረናል።

ድንቹ አልሞተም። በበጋው ፀሐይ እየጠወለገ፣ እኔ በጀሪካን ውሃ እያመላለስኩ (እያጉረመረምኩ ማለቴ ነው) በግድ የሚቆም የነበረው ድንች ቅጠሉን አቅንቶ፣ ባለጌ ልጅ እንግዳ ሲያይ እንደሚኮራው ተነፋፍቶ ቆሟል። እማዬ አንዱን ቅጠል ገለበጠች። አፈሩን በጣቷ ወጋች። ከዚያ ወደ ገንዳው ዞረች፤ አዲሱ ውሃ ታቹ ድረስ ይታያል።

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች።

«ገንዳው ይቆይ» አለች። «ውሃው ግን የድንቹ ነው። ድንቹ እስኪጠማው ድረስ ዋኙበት። ሲጠማው ይለቀቅለታል፣ ገንዳው ይፈተጋል፣ አዲስ ይሞላል።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ክሎሪንስ?»

«ለድንቼ በረኪና ላጠጣልህ ነው?»

በዚህ ተዘጋ። ስንፈልገው የነበረው የክሎሪን ምትክ ድንች ሆኖ ተገኘ። ስልኬ ላይ ደግሜ ፈለግኩት፤ ይህን የጻፈ የለም። ውሃው አልጌ ለመያዝ ጊዜ የለውም፤ ሳያረጅ ድንቹ ይጠማል። ጀሪካኔም ዐረፈ። ያን ቀን እኔም ገባሁ፤ ስገባ የጮህኩት ጩኸት ዳማን አጥር አስዘለለው እንጂ ገብቻለሁ። ክፍል ውስጥ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፦ ገባሽ ወይ ነው የተባልኩት፣ ዋኘሽ ወይ አልተባልኩም።

ዘመዶቻችን በዚያው ቀን ማራቸውን ትተው፣ ዶማቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት አባዬ አልተነሣም። ቅዳሜን ሙሉ በእንጅባራ ብርድ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ አመሻሹን በእርጥብ ቁምጣ ገንዳው ዳር የቆየ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? አተኮሰው፤ ድምፁ ተዘጋ፤ ሲያስነጥስ የቤቱ ቆርቆሮ ይመልስለታል። እማዬ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ፣ ትኩስ ሾርባ አጠጥታ አስተኛችውና «አክስትሽ ኋላ እንዳይቀየሙ ንገሪያቸው» አለችኝ። በማገዶ ክምሩና በዶሮ ቤቱ መካከል ቆሜ ደወልኩ። የዚያን ቀን ኔትወርኩ ቀረጡን ሁሉ የተወ ይመስል ጥርት ያለ ነበር።

«አክስቴ» አልኩ፣ ቃል በቃል፣ ረገጥ እያደረግኩ፣ «አባዬ አልጋ ያዘ።»

እትዬ ብርቄ ከልባቸው ሣቁ። «ዛሬስ አታገኚኝም» አሉ። «ደግሞ አረንጓዴ ሆነ በይኛ?»

«ኧረ አይደለም፣ ቀልቷል። ያስነጥሰዋል።»

«በመጥረጊያ ፈትጉት፤ ውሃውን ለድንቹ ልቀቁና አዲስ ሙሉለት» አሉና ዘጉት።

ወደ አባዬ ተመለስኩ። «ምን አለች እህቴ?» አለኝ ከጋቢው ውስጥ፣ ተስፋ ባለው ዓይን።

«ተፈትገህ፣ ውሃህ ለድንቹ ይለቀቅ አሉ።»

እማዬ አዲሱን ጥቁር ቀሚሷን ሳጥን ውስጥ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ቆይ» አለች፣ «እስከ እሑድ እንየው።»